ታንኳ የተጫማ አውሮፕላን

«ክንዴ ታንኳ የተጫማ አውሮፕላን አየሁ እንዳለ ነው አሉ የሞተው» አለች ሽታዬ፣ ያጠበችውን ነጠላ እየጨመቀች።

ከጥምቀት በፊትም ብላዋለች። ዛሬም ቀሃ ወንዝ ዳር፣ ሴቱ ሁሉ ልብስ በሚያጥብበት ደገመችው።

«አሉ ባይዋ አንቺው ነሽ» አለች የክንዴ ልጅ ወለተሩፋኤል። «ሌላ ሲል የሰማሁት የለም።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን የታቀፈችውን የካርቶን ሳጥን ከደረቷ አላላቀቀችም።

አባቷ የጎርጎራ ታንኳ ሠሪ ነበር። በጣሊያን ጊዜ አንድ አውሮፕላን ጣና ላይ እንደ ዳክዬ ሲያርፍ አይቻለሁ፣ እግሩም ጎማ ሳይሆን ሁለት ታንኳ ነው እንዳለ ኖረ። ጎንደር ከገቡ ወዲህ «ቀጣፊው» የሚለው ቅጽል ከስሙ ይቀድም ጀመር። ተዝካሩ ላይ እንኳ ጠላ እየጠጡ ሳቁበት።

ሳጥኑን ያገኘችው ቤቱን በምታጸዳለት ጀርመናዊ ሐኪም መደርደሪያ ላይ ነው። ክዳኑ ላይ ግራጫ አውሮፕላን ባሕር ላይ ተኝቷል፤ ከሆዱ ሥር ሁለት ታንኳ። መወልወያው ከእጇ ወደቀ።

«የጦርነት ጊዜ የጀርመን አውሮፕላን ነው» አላት ሐኪሙ። «ባሕር ላይ ያርፋል። ሳጥኑ ውስጥ በቁርጥራጭ ያለችውን ትንሿን አምሳያ መገጣጠም ከቻልሽ ያንቺ ትሁን።»

«ምነው ያቅተኛል?»

ፊደልን ከዳዊት፣ እንግሊዝኛን ከመድኃኒት ጠርሙስ ለብቻዋ የለቀመች ልጅ ሥዕል አይቶ መግጠም አያቅታትም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የፕላስቲክ ቁርጥራጩን እየነቀለች አጣበቀች። ታንኳዎቹን ግን ባዶአቸውን አልዘጋቻቸውም፤ ደንገል የሌለው ታንኳ ምኑ ታንኳ ነው? አባቷ ከመጨረሻ ታንኳው ያስቀረውን የደንገል ዘንግ በስሱ ሰንጥቃ ጠቀጠቀችባቸው፤ ስፌታቸውን በጧፍ ሰም ደፈነችው። ጣቷ ሲሠራ ዓይኗ ጣና ላይ ነበር፦ ጭጋግ፣ ዝምታ፣ አባቷ መቅዘፊያውን አንሥቶ ሽቅብ ሲያይ።

አሁን ወንዙ ዳር ሳጥኑን ከፍታ አውሮፕላኗን አወጣች።

«ብትሰጥምብሽስ?» አለች ሽታዬ።

«እኔም ቀጣፊ እባላለኋ። ወራሽ ነኝ።»

ወንዙ ረጋ ከሚልበት ጎንበስ ብላ ውሃው ላይ አኖረቻትና እጇን ሰበሰበች። አንዱ ክንፍ አዘነበለ፤ ታንኳው ጠለቀ። ሽታዬ ለሳቅ አፏን ከፈተች። ታንኳው ግን ተመልሶ ብቅ አለ። አውሮፕላኗ ተደላድላ ተቀመጠችና፣ ነፋሱ በቀስታ ሲገፋት የዳሩን ወይራ ጥላ እያቋረጠች ሄደች። ወንዙ የጣናን ያህል የሰፋ መሰለ። ልብስ የሚመታ እጅ ሁሉ ቆመ።

«ክንዴ... እንዲህ ነበር ያለው?» አለች ሽታዬ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ልክ እንዲህ።»

ወለተሩፋኤል ወደ ሥራዋ ስትመለስ አውሮፕላኗን ወደ ሳጥኑ አልመለሰቻትም፤ እስከ ሐኪሙ ቤት በመዳፏ ይዛት ሄደች፣ ያላየ እንዲያይ።

«ምነው ረጥባለች?» አላት ሐኪሙ።

«ቀሃ ላይ አርፋ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ጎርጎራ እወስዳታለሁ።»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። የወንዙ ውሃ ደንገል ከጠቀጠቀችባቸው ታንኳዎች ሥር ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ወለተሩፋኤል» አላት፣ «ይቺ እኮ መደርደሪያ ላይ ለመታየት ብቻ ነው የተሠራችው። ውሃ ላይ አትቆምም።»