የግንቡ እንቁላል

ሰፈሩ «ግንቡ» የሚለው አናጢ፣ ጂም ገብቶ ሸሚዝ ደረቱ ላይ አልዘጋ ካለው ወዲህ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ የሸሚዞቹን ጎን እየፈታች ታሰፋለታለች። ልጅ ግን አልመጣም። አማቷ በሄዱበት ሁሉ «ልጄ ምን ይጎድለዋል? ትከሻውን እዩት እንጂ» እያሉ በምራታቸው ያላክካሉ።

እሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ለወንድ ሆርሞን ይበጃል የተባለ ነገር ከቤቷ አይጠፋም፤ ጠዋት እንቁላል፣ ማታ ዓሣ፣ በመሃል የዱባ ፍሬ። ቢራውን ተጨቃጭቃ አስተወችው። በጊዜ ይተኛ ብላ ሥራዋ ሳያልቅ የስፌት መኪናዋን ትከድናለች። እንቁላል ተወዷልና ለራሷ ሻይ በዳቦ ይበቃታል።

በመጨረሻ ተያይዘው ሄደው ሁለቱም ተመረመሩ። ሐኪሙ የደም ውጤቱን አየና ወደ ግንቡ ዞረ።

«ጂም ውስጥ መርፌ ትወስዳለህ?»

ግንቡ ወለል ወለሉን አየ። «አሠልጣኙ ወንድነት ይጨምራል ሲለኝ…»

«ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባለት ሰውነትህ የራሱን ማምረት ተወ። ዘርህም የጠፋው ለዚህ ነው። መርፌውን አቁመህ በክትትል እናየዋለን። ሊመለስ ይችላል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «አንቺ ምንም የለብሽም» አላት።

ቦርሳዋን አንስታ ቀድማው ወጣች። ያን ሁሉ ዓሣ ስታጸዳለት፣ ያን ሁሉ አሽሙር ስትውጥ፣ እሱ ለካ ተደብቆ ይወጋ ነበር። ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው።

«ለእናትህ እውነቱን ንገራቸው። ሌላ ምንም አልልህም።»

«እናቴ ትሙት፣ እነግራታለሁ።»

አማቷ ሳሎን ተቀምጠው ሲጠብቁ አገኟቸው። «እህ፣ ምን አሏችሁ?»

ግንቡ ጃኬቱን አወለቀ፤ ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለና እጅጌውን አስተካከለ።

«ለእሷ መድኃኒት አዘውላታል፣ እማ። ትንሽ ትታገሥ ተብላለች።»

«ብዬ ነበር እኮ» አሉ እናቱ፣ ትከሻውን እየደባበሱ። «በል ብላ ልጄ፣ ከሳህብኝ።»

ሚስቱ ዞር ብሎ እንዲያያት ጠበቀች። አላያትም። ወጥ ቤት ገብታ ጠዋት የቀቀለችለትን እንቁላል ላጠች፤ በሳህን ይዛ መጣችና ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። ግንቡ እንደለመደው እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ አንዱን አንስታ ገመጠች።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አሉ አማቷ።

«የታዘዘልኝ መድኃኒት ነው፣ እማማ» አለች እያኘከች፣ ሁለተኛውንም አነሳች።

ግንቡ የዘረጋውን እጅ የት እንደሚያደርገው ጠፋው።