አባዬ ዛሬ ጠዋት አረፈ

ስድስተኛውን ጥርስ ሰሙ ላይ እየተከለች ሳለ ስልኳ ለአስራ አንደኛ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። አላነሳችውም። ሰው ሰራሽ ጥርስ የሚሠራ ሰው የለሰለሰ ሰም በእጁ ይዞ ስልክ ካነሳ፣ አንዲት ምስኪን አሮጊት ቀሪ ዕድሜዋን ጠማማ ፈገግታ ስትፈግግ ትኖራለች ማለት ነው።

"አንቺ፣ አንሺው እንጂ!" አለ አለቃዋ ከጄሶው ባልዲ ቀና ብሎ። "ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ሰው አግብቷል። በሌላ ነገር አስራ አንድ ጊዜ አይደወልም።"

"ማንም አልሞተም" አለች እየሳቀች። "ከአባዬ በቀር።"

አለቃዋ ማንኪያውን ባልዲው ውስጥ ለቀቀው።

"የጌሙ አባዬ ነው እኮ! ጠዋት ዳቦ ልጠብስ ስነሳ ማቆሚያውን ሳልጫን ሄጄ ሞተብኝ።"

"አንቺ ልጅ አንድ ቀን እኔን ትገድይኛለሽ" አለና እጁን ወደ ባልዲው መለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርስ ሰሪዋ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሰዎችን እየፈጠሩ ቤት የሚያሠሩበት፣ ሥራ የሚያስገቡበት፣ የሚድሩበትና የሚያስረጁበት ጌም ትጫወታለች። ሌላው ሰው ተጫውቶ ይረሳል። እሷ ግን በዚያ ቤት የሆነውን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ባላት ገጽ እየጻፈች ታካፍላለች። በመሃል በመሃል ደግሞ የራሷን ኑሮ ትጽፋለች፤ የአውቶቡስ ሰልፉን፣ አዲስ ጥርስ ገጥመውላቸው መስታወት ሲሰጧቸው "መስታወቱ ይቆይና ፖም ስጡኝ" ያሉትን ሴትዮ፣ የአባቷን ጉልበት። ስድስት መቶ ያህል ሰው ያነብላታል። ከአልጋ የማትነሳ አንዲት ሴት "ያንቺን ቤት ሳነብ ክፍሌ አንድ መስኮት የጨመረ ይመስለኛል" ብላ የጻፈችላት ቀን፣ ጥርስ ሰሪዋ አውቶቡስ ውስጥ ሰው እያያት አልቅሳለች። እንዲህ የሚል አንባቢ አግኝቶ ማን ይተኛል?

ጥፋቷ ምን መሰላችሁ፣ የጌሙንም ሽማግሌ የቤቷንም ሽማግሌ "አባዬ" ነው የምትላቸው። አንባቢ የሚለያቸው በሥዕሉ ነው፤ ሥዕል ካለው የጌሙ፣ ከሌለው የእውነቱ። ዛሬ ጠዋት ግን አውቶቡሱ ውስጥ ኔትወርኩ ሥዕሉን አልጭን ብሎ ሲያዞርባት ቆየ፣ እሷም ሰልችቷት ጽሑፉን ብቻ ለቀቀችው። "አባዬ ዛሬ ጠዋት አረፈ። ቲማቲሞቹን ውሃ እያጠጣ ነበር። አጠገቡ አልነበርኩም፤ ዳቦ ልጠብስ ሄጄ ነበር።" ትናንት የጻፈችው ደግሞ ስለ እውነተኛው አባቷ ሳል ነበር።

ጥርሱን ጨርሳ እጇን ታጥባ ስልኩን ስታየው ክው አለች። የአክስቷ ልጅ ጽሑፉን ወስዳ የዘመድ አዝማዱ የመልእክት ቡድን ውስጥ ለጥፋዋለች። ከሥሩ "ነፍስ ይማር" የሚል ሃያ ሰባት ጊዜ ተደርድሯል።

"ምነው? ፊትሽ ጄሶ መሰለ" አለ አለቃዋ።

"አባቴን በቁሙ ገደልኩት!" አለችና ቦርሳዋን አንስታ እግሬ አውጪኝ አለች።

ታክሲ ውስጥ ሆና "አባዬ ደህና ነው! የጌም ነው!" ብላ ቡድኑ ውስጥ ጻፈች። አንዱ ሳቀባት፣ አንዷ ተቆጣቻት፣ አንዱ "የምን ጌም ነው እንዲህ ያለ?" ብሎ ጠየቃት። መልእክቱን ያላየ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ አናጢው አጎቷ። ሰባት ዓመት ሙሉ ቡድኑ ውስጥ ቃል ሳይጽፍ፣ ሳይወጣም የኖረ ሰው ነው። የሞቱን ወሬ አይቶታል። ማስተባበያውን አላየውም። ስትደውልለት ስልኩ ዝግ ነው።

ያን ጊዜ የዛሬው ስህተት ሳይሆን የድሮው ነበር የመጣባት።

ከሰባት ዓመት በፊት እናቷ የሞተች ቀን አባቷ የእናቷን የስልክ ደብተር አስይዟት "ለሁሉም ደውዪ፣ ማንንም እንዳትረሺ" አላት። እያለቀሰች ገጽ በገጽ ደወለች። ሲመሽ "ለሁሉም ደውያለሁ" አለችው። የአጎቷን ቁጥር ያገኘችው በአራተኛው ቀን ነው፤ ቦታ ጠፍቶ እናቷ የደብተሩ የኋላ ሽፋን ላይ በእርሳስ ጽፋዋለች። እሱ የወንድሙን ሚስት ሞት ከቀብሩ በኋላ ከሰው አፍ ሰማ፣ "እንደ ባዳ ቆጠሩኝ" ብሎ ቀረ። አባቷ ደግሞ "የሚስቴን ቀብር ሰምቶ የቀረ ወንድም፣ ወንድም አይባልም" ብሎ በሩን ዘጋ። እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሰባት ዓመት ዋጠችው፣ እሱ ግን አልፈጭ ብሎ እዚያው ተቀምጧል።

ቤት ስትደርስ ደጁ ላይ ከጎረቤት የመጡ ወንበሮች ተደርድረዋል። ባለ ሱቋ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር መጥታ በር ላይ ቆማለች። ሟቹ ከሳሎኑ መሃል ትልቁ ወንበር ላይ፣ በሌሊት ልብሱ ላይ ኮት ደርቦ ተቀምጧል።

"ግቢ ግቢ!" አላት አባቷ። "እንኳን ለቀብሬ በሰላም አደረሰሽ!"

"አባዬ፣ ይቅር በለኝ፣ አፈር ስሆን..."

"አፈርስ ለእኔ ነበር የተዘጋጀው።" ሰላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ ተሳፋሪ ሲንጫጫ ፊቱ አይለወጥም። "ዝም በይና ቁጭ በይ። ማን ከልቡ እንዳለቀሰ እያየሁ ነው። ባለ ሱቋ ከልቧ ነው። ያ ዱቤ ከልካዩ ጎረቤታችን ደግሞ እኔን ሲያይ ደነገጠ እንጂ ደስ አላለውም።"

ባለ ሱቋ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። "እኔማ ከደስታዬ ብዛት ልመታዎት ነበር።"

ሰዎቹ እየሳቁ፣ እያማተቡ፣ "ዕድሜ ያገኛል ማለት ነው" እያሉ አንድ ሁለት ብለው ሲወጡ አባቷ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት።

"አትክልት ቦታ ነው አሉ የሞትኩት?"

"አዎ። ቲማቲም ተክለህ።"

"ጉልበቴስ? እዚያም ያመኛል?"

"አያምህም። ትሮጣለህ።"

አባቷ የታመመ ጉልበቱን በመዳፉ እያሻሸ መስኮቱን ተመለከተ። ደረጃውን ከወረደ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል።

"ጥሩ ልጅ ነሽ" አለ ቆይቶ። "ቅሌታም ብትሆኚም።"

ለመሳቅ አፏን ስትከፍት ከውጭ የወንድ ጩኸት ተሰማ።

"ወንድሜን! ወንድሜን! ሳልሰናበትህ! ዝም ተባብለን እንደቀረን!"

ድምፁን ሁለቱም አወቁት። አባቷ ምርኩዙን አልፈለገም፤ ግድግዳውን ይዞ ተነሳ፣ በሩን ከፈተ፣ ደረጃውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ወረደ። እሷ ከኋላው እጇን ዘርግታ ተከተለችው። አጎቷ የሥራ ልብሱ ላይ የመጋዝ ብናኝ እንደተነሰነሰ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ እንደሰካ፣ ግቢው መሃል ደረቱን እየደቃ ቀና አለ።

ተያዩ።

"አልሞትክም?" አለ አጎቷ።

"ይቅርታ አድርግልኝ፣ ዛሬ አልተመቸኝም።"

አጎቷ ኮፍያውን አውልቆ የወንድሙን ደረት መታበት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ኮፍያው ወደቀና አንገቱን አቅፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። አባቷም ያ የማይለወጥ ፊቱ ተለወጠ።

ውስጥ ገብተው ውሃ ከጠጡ በኋላ አባቷ "ስልክህ ለምን ዝግ ሆነ? ልጅቷ ስትደውልልህ ነበር እኮ" አለ።

"ዘጋሁት። እውነት ነው እንዳይሉኝ ፈራሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ እስክደርስ አልሞተም፣ እስክደርስ አልሞተም እያልኩ መጣሁ።" አጎቷ ስልኩን አውጥቶ ከፈተና የሥራ ልብሱ ኪስ ውስጥ መለሰው። "የባለቤትህን ጊዜ ሳልሰማ ቀረሁ። ያንተን እንኳ ልድረስ ብዬ ነው።"

"ሳልሰማ?" አባቷ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ሰምተህ ነው እንጂ የቀረኸው።"

"ከማን ልስማ?"

"ከልጅቷ ነዋ! ለሁሉም ደውላለች።"

"ለእኔ የደወለልኝ ሰው የለም።"

ሁለቱም ዞረው አዩዋት። "ደውዬ ነበር፣ አልተነሳም" የሚል ቃል ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ከሰባት ዓመት በኋላ ማን ያጣራል? ወንድማማቾቹ ደግሞ ታርቀዋል፣ የተኛውን ነገር ለምን ትቀሰቅሳለች? ግን ግቢው ውስጥ ወድቆ የቀረው ኮፍያ በመስኮቱ ይታያታል።

"አልደወልኩለትም" አለች። "ቁጥሩ የኋላ ሽፋኑ ላይ ነበር፣ አላየሁትም። በአራተኛው ቀን አገኘሁት። ለሁሉም ደውያለሁ ያልኩህ ውሸት ሆነ፣ አባዬ። እሱ አልበደለህም። አንተም አልበደልከውም። እኔ ነኝ።"

እስካሁን ያልሄደችው ባለ ሱቋ ከበሩ ላይ ዞር አለች።

"ሰባት ዓመት ስረግመው ቁጭ ብለሽ ታይኝ ነበር?" አለ አባቷ።

"አዎ።"

"ለምን?"

"በመጀመሪያው ሳምንት ፈራሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት ስላለፈ ፈራሁ።"

"ተነሺ ከፊቴ።"

ተነሳች። ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ያልቆሸሸ ብርጭቆ አጠበች። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቦታውን ለቋል፣ አየር ይገባል። ቧንቧውን ስትዘጋ የአባቷ ድምፅ ተሰማት።

"እኔስ ብሆን? እጄ ተቆርጦ ነበር? አንድ ቀን አንስቼ 'ምን ሆነህ ቀረህ?' ማለት አቅቶኝ?"

"እኔም" አለ አጎቷ። "እኔም ጆሮዬ ላይ እርሳስ ሰክቼ ቃል ሳልጽፍ ተቀመጥኩ።"

"እሷ ልጅ ነበረች። እናቷ ሞታባት ነበር። እኛ ነን ሽማግሌዎቹ።" ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ "አንቺ! ብርጭቆውን ልትሰብሪው ነው? ነይ ውጪ!" አለ።

ስትወጣ አጎቷ ሳሎኑ ጥግ ወዳለው ኮምፒውተር ጎንበስ ብሏል። ጠዋት እንደተወችው ነው፤ ከቲማቲሞቹ አጠገብ ትንሽዬ መቃብር ይታያል።

"ገድለሽ ያስለቀስሽኝ ሰውዬ ይሄ ነው?"

"እሱ ነው።"

"መልሶ ማስነሳት አይቻልም?"

"ይቻላል። የዛሬውን ሳላስቀምጥ ብዘጋው ከትናንቱ ይጀምራል።"

"ወይ ጉድ!" አጎቷ ራሱን ነቀነቀ። "የእኛም እንዲህ ቢሆን ኖሮ። እስከዚያ ቀን ድረስ ብቻ።"

"የእኛ አይሆንም" አለ አባቷ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመ ድምፅ ነበር። "የእኛ የተቀመጠ ነው።"

ጥርስ ሰሪዋ ኮምፒውተሩን አልነካችውም። ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዳ የእናቷን ደብተር አወጣች። ገልብጣ የኋላ ሽፋኑን ወደ መስኮቱ አዘነበለችው። እርሳሱ ሊጠፋ ትንሽ ቀርቶታል፣ ግን ይነበባል። ጠዋት ከቡድኑ ስም ዝርዝር ላይ ደውላ ነበር። አሁን ግን ከሽፋኑ እያየች፣ ቁጥር በቁጥር፣ በእናቷ እጅ ጽሑፍ ደወለች።

የአጎቷ ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ።

አውጥቶ አየው፣ እሷን አየ፣ ግራ ተጋባ። "ምን ሆንሽ? እዚሁ ነኝ እኮ።"

"አንሳው" አለ አባቷ በቀስታ። ገብቶታል።

አጎቷ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። "ሃሎ?"

ሦስት እርምጃ ነበር በመካከላቸው። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ" አለች። "እማዬ... እማዬ ዛሬ አረፈች። ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አባዬ 'ከሁሉም በፊት ለወንድሜ ንገሪልኝ' ብሏል።"

ከኋላዋ አባቷ ሲተነፍስ ይሰማታል። ከዚያ የአጎቷ ድምፅ ከሁለት በኩል መጣላት፣ ከስልኩም ከክፍሉም።

"እመጣለሁ፣ ልጄ። ዛሬውኑ እመጣለሁ። ስለደወልሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ።"