ጠመንጃ ቤት ውስጥ የተቋረጠው ፉከራ

ወንዶች ስለ ጠመንጃ ሲያወሩ ሴት ወጥ ታማስል ያለው ማን እንደሆነ ባውቅ ቤቱ ድረስ ሄጄ እሰድበው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ወንዶች ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር ያለችው ቤቴ ውስጥ፣ ሶፋዬ ላይ ተደርድረው፣ ሽሮዬን እየጠረጉ፣ የትኛው ጠመንጃ እንደሚሻል ሲከራከሩ አንዳቸው እንኳ ዞር ብለው «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አላሉኝም። «ውሃ ይጨመርልን» ግን ብለውኛል።

እኔ፣ ትርንጎ፣ ያደግኩት ቋራ ነው። አባቴ አዳኝ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ምኒሽር ጠመንጃውን የምወለውልለት እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ ፊደልም ዘግይቼ ነው የቆጠርኩት፤ ጠመንጃ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ፈትቼ እገጥም ነበር። ይህን ብነግራቸው እንደሚስቁብኝ ስለማውቅ ውሃውን አመጣሁላቸው።

ጠመንጃ ገዢው አክሊሉ ነው። ሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን በራሴ ወረቀት ላይ ነኝ። አክሊሉ ሳን ሆዜ ነው የሚኖረው። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ጭጋግ የማይለየውን ድልድይ እየተሻገረ ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ከፋሲካ በኋላ በጓደኛው በሀብቱ በኩል እንደሚፈልገኝ አስነግሮኛል። ለትዳር ነው፣ ለሌላ አይደለም። «አስቤ እነግረዋለሁ» ብዬ አስቀምጬዋለሁ፤ እውነትም እያሰብኩ ነበር። መልኩ ደህና ነው። ጸሎቱን አያስታጉልም። ጥርሱ የራሱ ነው። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይህ ሰውዬ ይሰማኛል ወይ? የመጀመሪያው ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእኔ ይልቅ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። እንደሱ ያለ ሌላ ባል ለመቅበር ጊዜም ፍላጎትም የለኝም።

ታዲያ የዚያን ቀን እሑድ ጆሮዬን ጥዬ ስሰማ፣ ሊያገባኝ ከሚፈልገው ሰውዬ ይልቅ ስለ ጠመንጃው ብዙ ተማርኩ። የሚፈልገው ከምላጩ ሥር እጀታ ያለውን ዓይነት ነው። እጀታውን ወደ ታች ገፋ አድርገህ ስትመልሰው የተተኮሰውን ቀለህ አውጥቶ ሌላ ጥይት ያጎርሳል። አክሊሉ ልጅ ሆኖ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ፈረሰኞች ሲተኩሱበት አይቶ፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በልቡ ይዞት ኖሯል። ልጆች አሳደገ፣ ወንድሞቹን አስተማረ፣ አሁን ተራው የሱ ነው።

«ዊንቸስተር ዊንቸስተር ነው» አለ ሀብቱ። ታክሲ ነጂ ነው፤ ሲያወራ እንኳ መሪ ያዞራል። «ስሙን ስትጠራው ራሱ ይተኩሳል።»

«አንክል፣ እሱ እኮ አሁን የሚሠራው ጃፓን ነው» አለ ፍሬምናጦስ። የሀብቱ የእህት ልጅ ነው፤ ማውንቴን ቪው ከተማ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ መራቡንም ከስልኩ ነው የሚጠይቀው። «ሪቪው ላይ ሄንሪ ይበልጣል። እዚሁ አሜሪካ ነው የሚሠራው፣ ዋራንቲውም የዕድሜ ልክ ነው።»

«የማን ዕድሜ ልክ? የአክሊሉ ከሆነ ኩባንያው አልተጎዳም» አለ ሀብቱ።

አክሊሉ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ይህን ወደድኩለት። «ሮሲ የሚባልም አለ፣ የብራዚል። ዋጋው ይቀላል» አለ።

«ብራዚል ኳስ ይጫወት» አለ ሀብቱ።

«ማርሊንስ?» አለ አክሊሉ።

«ማርሊን ዓሣ ነው» አለ ሀብቱ፣ ፍሬምናጦስ ግን ለማርሊንም ገዢዎች የሰጡትን ኮከብ ከስልኩ ይቆጥር ጀመር።

«ለመሆኑ ምን ሊያድኑበት ነው?» አልኩ ከወጥ ቤት።

«አጋዘን» አለኝ አክሊሉ። «በዚህ በኛ በኩል የአደኑ ወቅት የሚከፈተው ነሐሴ ላይ ነው። ያን ዕለት ማለዳ ተራራው ላይ ነኝ።»

«በፍልሰታ?»

ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። ያን ሁሉ ሪቪው አንብበው፣ ያን ሁሉ ኮከብ ቆጥረው፣ ጾሙን አንዳቸውም አላሰቡትም።

«ገድለው ምን ሊያደርጉት ነበር፣ ሊያለቅሱለት?» አልኩት።

«ፍልሰታ ሲወጣም ወቅቱ አይዘጋም» አለ አክሊሉ አንገቱን እያሸ። ከዚያ በራሱ ሳቀ፣ ሀብቱም ሳቀ፣ እኔም ጭልፋውን ይዤ ሳቅሁ።

«ቅዳሜ ሱቁ ልታዩ ስትሄዱ እኔም እሄዳለሁ» አልኳቸው።

«እትዬ ትርንጎ፣ እዚያ እኮ የሚሸጠው ጠመንጃ ነው» አለ ሀብቱ።

«እኔስ ጎመን ነው አልኩህ?»

ቅዳሜ የልጅ ልጄ ዮዲ ከነከዘራዬ ይዛኝ ሄደች። እዚሁ ኦክላንድ የተወለደች ናት፤ አማርኛውን ሁሉ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን ግማሹን ነው። መንገዱን ሙሉ «እማማ፣ ፕሊስ፣ ምንም ነገር እንዳትናገሪ» ስትለኝ ሄደች። እሺ አልኳት። ዝም በይ ላለኝ ሰው ሁሉ እሺ እላለሁ፤ ከዚያ እናገራለሁ።

ጠመንጃ ቤቱ ሰፊ ነው፤ በአንድ በኩል ጫማና የዓሣ ማጥመጃ፣ በሌላው በኩል እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጠመንጃ። ሻጩ ጢሙ ደረቱ ላይ የሚደርስ፣ ዋርካ የሚያክል ሰው ነው። አራቱንም አመጣ፤ እያንዳንዱን ከፍቶ ባዶ መሆኑን አሳየንና ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው። ወንዶቹ ዋጋ ማንበብ ጀመሩ። እኔ መነጽሬን አውልቄ ጥፍሬን አዘጋጀሁ።

ጠመንጃ በዓይን ብቻ አይመረጥም። እንጨቱና ብረቱ የሚገናኙበት ላይ ጥፍር ይሮጥበታል፤ ጥፍር ከያዘ ሠሪው ቸኩሎ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ ጆሮህን አስጠግተህ እጀታውን ትሠራዋለህ። ከዚያ ዓይንህን ጨፍነህ ትከሻህ ላይ ታደርገዋለህ፤ ስትገልጥ ማነጣጠሪያው ዓይንህ ፊት ቆሞ ከጠበቀህ ያ ጠመንጃ ያንተ ነው። አባቴ እንዲህ ነበር የሚመርጠው።

ሄንሪው ናሱ እንደ ጸናጽል ያበራል። ቆንጆ ነው፣ አልክድም፤ እጀታውም ቅቤ ነው። ክብደቱ ግን እንደ አንቀልባ ልጅ ነው። «ይህን ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ሰው የሚያገኘው አጋዘን ሳይሆን ሐኪም ነው» አልኩ። ሻጩ ምን እንዳልኩ ዮዲን ጠየቃት። «ሺ ላይክስ ኢት» አለችው። ውሸታም።

ዊንቸስተሩን ሳልነካው በፊት «ጃፓን መኪናውን ይሥራ» ብዬ ነበር። ከዚያ ጥፍሬን አስሮጥኩበት። አልያዘም። መለስኩት። አልያዘም። እንጨቱ ከብረቱ ላይ የበቀለ ነው የሚመስለው።

«ምን ሆኑ እትዬ፣ ጥፍርዎ ዶለዶመ?» አለ ሀብቱ።

ጥፍሬ አልዶለዶመም፤ አፌ ነው የቸኮለው። ዋጋውን ግን ዮዲ ስትነግረኝ ጠመንጃውን እንደ እንቁላል መልሼ አስቀመጥኩት።

ሮሲዋ ጌጥ የላትም፣ እንጨቷም ተራ ነው፤ ዋጋዋ ግን የዊንቸስተሩን ግማሽ ቢሆን ነው። ቀላል ናት። ዓይኔን ጨፍኜ ትከሻዬ ላይ አደረግኳት፣ ስገልጥ ማነጣጠሪያዋ እዚያው ቆማ ትጠብቀኛለች። ያን ጊዜ እንደ ኮረዳ ሳቄ መጣ። «እማማ፣ ምን ያስቅሻል?» ትለኛለች ዮዲ፤ ምን ብዬ ልንገራት።

ማርሊኑ ጀርባው ጠፍጣፋ ነው፤ ቀለሁን የሚተፋው ወደ ጎን ስለሆነ ከላዩ የሚያቀርብ መነጽር ያለችግር ይቀመጥበታል። ጥፍሬም ደህና አለፈ። ይህን ሳይ ቀና ብዬ አክሊሉን አየሁት። ሰውዬው የዋጋውን ወረቀት ክንዱ እስኪያጥረው አርቆ ነው የሚያነበው። አጋዘን ቀርቶ በሬ ቢቆምለት በባዶ ዓይኑ ቀንዱን አያይም።

«አቶ አክሊሉ» አልኩት፣ «ለእርስዎ የሚሆነው…»

«ዊንቸስተር» አለ ሀብቱ አቋርጦኝ።

«ሄንሪ፣ ፎር ፖይንት ናይን ኮከብ» አለ ፍሬምናጦስ።

አክሊሉ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። በቃ፣ መልሴን አገኘሁ ብዬ ነጠላዬን አጣፋሁ። ቤት ደርሼ ከመኪናው ሳልወርድ በሀብቱ በኩል «አይሆንም» ብዬ ልልክበት ነው። እሱ ግን ሄንሪውን ብድግ አደረገ። አፈሙዙን ወደ ጣሪያ ቀና አደረገና በናሱ ላይ የራሱን ፊት ያየ መሰለኝ። ከዚያ እኔን አየኝ። እንግዲህ በእኛ አገር ወንድ ጠመንጃ በእጁ ሲገባ፣ የሚፈልጋት ሴት ደግሞ ፊቱ ከቆመች፣ ደሙ ዝም አይልም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው፤ ጉልበቱን ረሳው። አሜሪካ መሆኑንም ረሳው። አንድ እግሩን ወደፊት ጣል አድርጎ፣

«ዘራፍ የአስራት ልጅ አክሊሉ፣
ድልድዩን በጭጋግ ሰንጣቂ፣ ሌሎች ዳር ይዘው ሲውሉ፣
ትርንጎ ፊት ሲቆም ግን…»

አንዱ ደንበኛ ጫማው መደርደሪያ ሥር ገባ። የሻጩ እጅ ከባንኮኒው በታች ጠፋ። ፍሬምናጦስ ከእኛ ጋር እንዳልመጣ ሰው ወደ ዓሣ ማጥመጃው ሄዶ መንጠቆ ያይ ጀመር። ሀብቱ ብቻ «በለው የኔ ጌታ» አለ። እኔስ? እኔ እልል አልኩ። ምን ላድርግ፣ እየተፎከረልኝ አፌን ልዝጋ? እልልታዬን ዮዲ በእጇ አፈነችው።

«ሰር» አለ ሻጩ ቀስ ብሎ፣ «አስቀምጠው።»

አክሊሉ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ጠመንጃውን አየው፣ ሰዎቹን አየ፣ ባንኮኒው ላይ በቀስታ አጋደመው። ዮዲ ሁለት እጇን ወደ ላይ አድርጋ መሀል ገባች። «ኢትስ ኦኬ፣ ኢትስ ኦኬ፣ ፖየም ነው፣ ኢትስ ጀስት ኤ ፖየም።»

«ፖየም?» አለ ሻጩ። እጁን ከባንኮኒው ሥር አወጣ። አክሊሉን ከእግር እስከ ራሱ ካየው በኋላ ጢሙ ውስጥ ፈገግ ያለ መሰለኝ። ቢሆንም ለዛሬ ይብቃችሁ፣ ሌላ ቀን ኑ ብሎ በደህና ቃል አስወጣን። ጫማ ሥር የገባው ሰውዬም ወጣ።

ፓርኪንጉ ላይ አክሊሉ መኪናው ላይ ተደግፎ መሬት መሬት ያይ ነበር። «አዋረድኳችሁ» አለ።

«አንክል፣ ፋይቭ ስታርስ» አለ ፍሬምናጦስ፣ አሁን ዘመዳችን መሆኑ ትዝ ብሎት። ሀብቱ ሳቁን ሊውጥ ሲታገል አነቀውና ያስል ጀመር። ዮዲም ፊቷን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እየሳቀች መሆኑ ገባኝ።

አክሊሉ ግን አልሳቀም። ሁሉንም አልፎ እኔ ፊት መጥቶ ቆመ።

«ትርንጎ» አለኝ። ወይዘሮውንም አንቱታውንም እዚያው ሱቅ ጥሏቸው ወጥቷል። «ቅድም ልትነግሪኝ ስትጀምሪ አቋረጡሽ፣ እኔም አልሰማሁሽም። የትኛውን ወደድሽልኝ?»

ከእሑድ ጀምሮ የጠበቅኩት ይቺን ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ለአንተ ማርሊኑ ነው። ሄንሪው ያምራል፣ ግን ወገብህን ይቆርጠዋል። ዊንቸስተሩን ሰድቤው ነበር፣ ስድቤን አንስቻለሁ፤ ግን ባየው ጊዜ ሁሉ ዋጋውን የሚያስታውስ ሰው አይተኩስበትም። ማርሊኑ ላይ መነጽር ይቀመጥልሃል። ዓይንህ ደክሟል።»

«ዓይኔን ማን ነገረሽ?»

«መዝሙር ሲዘመር መጽሐፉን አጠገብህ ላለው ሰው ታስይዘዋለህ።»

አልተቆጣም፣ አልካደም። «ሮሲዋስ?» አለኝ። «ይዘሻት ስትስቂ አይቼሻለሁ።» በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ሆኖ አይቶኛል ማለት ነው።

«እሷ የእኔ ናት። በስሜ ነው የምገዛት። ዮዲን አስጠይቄያለሁ፤ ጠመንጃ ገዢ የሚፈተነውን ፈተና በእንግሊዝኛ ማንበብ ለማይችል በአፍ ይጠይቁታል፣ አስተርጓሚም ይፈቀዳል።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ እማማ» አለች ዮዲ።

አክሊሉ አሁን ሳቀ፤ ያን የራሱን ጥርስ ሁሉ አየሁት። ከዚያ ሳቁን ሰበሰበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲያው የጠየቅኩሽስ? መልስሽ ምንድን ነው?» አለኝ። ሀብቱ መሳሉን አቆመ። ፍሬምናጦስ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«መልሴን የምትፈልግ ከሆነ» አልኩት፣ «‹ትርንጎ ፊት ሲቆም ግን› ብለህ ነው ያቆምከው። እኔ ሰው ፊት ስሜ ተነሥቶ ተንጠልጥሎ የሚቀር ሴት አይደለሁም። እንካ፣ ከዘራዬን ያዝ። ትከሻህ ላይ አድርገው። እዚሁ፣ መኪኖቹ መሀል፣ ከ‹ዘራፍ› ጀምረህ እስከ መጨረሻው ጨርስልኝ። ጮክ ብለህ።»