በጽዮን ማርያም ዕለት የተፈታው ጎማ

ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ የኅዳር ጽዮን ዕለት ነው። ወይዘሮ የብርጓል ቮልሷን ከግቢ አውጥታ ወደ ሹም አቦ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ቀስ ብላ ነዳች። ሦስት ቀን ሙሉ ፍሬን በያዘች ቁጥር ከፊት ግራው ጎማ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ የሰነበተው ድምፅ ዛሬ የለም። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አዳመጠች። ጸጥ ነው። «ተመስገን» አለች።

ተመስገኗ ሳያልቅ አህያ መንገድ ገባባት። ፍሬኑን ረገጠች። መኪናዋ መቆሙን ትታ ተንሸራተተች፤ መሪው ከእጇ ተመነጨቀ፤ አፍንጫዋን ወደ ቀኝ አዙራ የሰው አጥር ልትደረምስ ክንድ ሲቀራት ቆመች። አህያዋ ዞር ብላ አየቻትና መንገዷን ቀጠለች።

የብርጓል ሞተሩን አጠፋች። የታያት አጥሩ ሳይሆን ነገ ነበር። ታናሽ እህቷ ሰገነት ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። የፊተኛው ልጇ በቀዶ ጥገና ነው የተወለደው፤ አሁንም ምጥ ሳይጀምራት ጎንደር ሆስፒታል እንድትገባ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል። አውቶቡሶቹ ለዘመቻ ተወስደዋል። ቀበሌው የሰጣቸው የይለፍ ወረቀት የሚያገለግለው ለነገ ብቻ ነው። ከአዲስ ዘመን ከተማ ወዲያ ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ደግሞ ታውቀዋለች።

ስትመለስ ጎረቤቷ ጋሽ ዳኘው በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ዕድሜያቸውን በከተማው ሐይቅ ጀልባዎች ላይ የፈጁ ሰው ናቸው።

«እህሳ፣ ጩኸቱ ተወ?»

«ምን አድርገውት ነው፣ ጋሽ ዳኘው?»

«ቀባሁታ! ማለዳ ከኪዳን ስመለስ በቸርኬው ቀዳዳ የኑግ ዘይት አጠጣሁት። ብረት የሚጮኸው ሲጠማው ነው። ሠላሳ ዓመት ጀልባ ሳሽከረክር የተንቋረረብኝን ሁሉ በዘይት ነው ዝም ያሰኘሁት።»

የብርጓል ጎንበስ ብላ ቸርኬውን በጣቷ ነካችው፤ ቅባት ነው። ሽማግሌው ደስ ብሏቸዋል።

መካኒኩን ጋሽ ወልደ ገብርኤልን ከቅዳሴ መልስ፣ ከተዘጋው ጋራዣቸው ደጃፍ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ነገሩን በአጭሩ ነገረቻቸው።

«ልጄ፣ ዛሬ ጽዮን ናት። ብረት አልነካም።»

«ነገ ሰገነትን ይዤ ጎንደር መግባት አለብኝ።»

«ሰምቻለሁ። ግን ስለት አለብኝ። ልጄ ክንዱ ከጦር ሜዳ በደኅና እንዲመለስልኝ ብዬ ነው በማርያም ዕለት መፍቻ ላልይዝ የተሳልሁት። እስካሁን አልመጣም።»

ክንዱ አንድ ልጃቸው ነው። የብርጓል ከዚህ በኋላ መለመን ነውር መሰላት። ልትሄድ ስትል ሽማግሌው ተነሡ።

«የተሳልሁት እጄን ነው፤ አፌን አይደለም። ለመሆኑ ፍሬን ስትይዢ ወዴት ጎተተሽ?»

«ወደ ቀኝ።»

«እንግዲያ ግራው ነው የሞተው። ቀኙ ብቻውን ሲይዝ ወደ ራሱ ይስባል። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ሲፋጭ ነበር የሚጮህልሽ፤ አሁን ደግሞ በዘይት ራሰ። እንኳን በቁልቁለት በሜዳም አያቆምሽ። ቁልፉ ይኸው። ከጋራዡ ጥግ፣ ከተጋጨ ቮልስ የፈታሁት ሸራ በካርቶን አለ። ገብተሽ አንሺው።»

ግቢዋ ሲደርሱ ጋሽ ወልደ ገብርኤል በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን በጋቢው ውስጥ ቀበሩ። የብርጓል ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ደገፈች፤ ብሎኖቹን አላልታ መኪናዋን በክሪክ አነሣች። የሞተው ባሏ አምሐ ሲጠግን መፍቻ ታቀብለው ነበር፤ ማቀበልና መፍታት ግን ለየቅል ነው። ጎማው ከወጣ በኋላ ሸራውን የሸፈነውን ክብ ብረት፣ ታምቡሩን፣ ለማላቀቅ ላቧ ጠብ እስኪል ታገለች። ሲከፈት ዘይቱ በክርኗ ወረደ። ከሸራው የቀረው ወረቀት ያህል ነው፤ የመዳብ ምስማሮቹ አፍጥጠው ታምቡሩን ሸርክተውታል።

«ዳኘው፣ ይኸን አየህልኝ?» አሉ ወልደ ገብርኤል። «ዘይት ለሚሽከረከር ኩሽኔታ ነው እንጂ ለሸራ አይደለም። ሸራ ደረቅ ካልሆነ አይዝም። አንተ ፍሬኑን ጀልባ አደረግኸው።»

«እኔ ለበጎ ነው...» አሉ ጋሽ ዳኘው። በረንዳ ላይ እግሯን ዘርግታ የተቀመጠችውን ሰገነትን አይተው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ሳይታዘዙ ጨርቅና ቤንዚን ይዘው ታምቡሩን ያሹ ጀመር።

የብርጓል በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገችው፤ ሸራውን ቀየረች፤ ሸራውን የሚስበውን ሞላ ሁለት ጊዜ ስታስገባ ሁለት ጊዜ ተፈናጥሮ ጣቷን ቆረጣት። ታምቡሩን መልሳ የመሐሉን ብሎን ማጥበቅ ያዘች።

«አጥብቂው። አሁን መልሰሽ ትንሽ ላላ አድርጊው።»

«ትንሽ ማለት ስንት ነው?»

ወልደ ገብርኤል ወደ ብሎኑ ጎንበስ አሉ። ቀኝ እጃቸው ከጋቢው ወጣ፤ ጣቶቹ አየር ላይ ጠመዝመዝ አሉና ቆሙ። «በእጄ እንጂ በአፌ አላውቀውም» አሉ።

«ቢጠብቅስ?»

«መንገድ ላይ ግሎ ይነክሳል። ቢላላ ጎማው ይዋልላል።»

ሰገነት ከበረንዳው ትከታተላለች። ሽማግሌው እጃቸውን አዩት፤ ብሎኑን አዩት። ለየብርጓል ልጃቸውን ያሰቡ መሰላት። አንድ ቃል ብትጨምር እጃቸው እንደሚመጣ ገባት፤ ስለዚህ አልጨመረችም።

«እርስዎ በጆሮዎ ያዳምጡልኝ» አለቻቸው። «እኔ እያላላሁ አዞራለሁ።»

ዐይናቸውን ጨፈኑ። አዞረች። «ታፍኗል።» ጥቂት አላላች። «ገና።» ደግማ አላላች፤ ታምቡሩን ገፋችው። ሸራው እሽ እያለ በቀስታ ዞረ።

«ያዢው! እሱ ነው! እንዳትነኪው።» ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

በማግሥቱ ሌሊቱ ሳይነጋ ወጡ። የብርጓል የወረታን ሜዳ ስትሻገር እየደጋገመች ፍሬኑን ሞከረችው። ከአዲስ ዘመን ወዲያ ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሽ ቀንሳ ወረደች፤ ሰገነት በስተኋላ ሆዷን ታቅፋ አንቀላፍታለች። በሦስተኛው መታጠፊያ የከብት መንጋ መንገዱን ሞልቶ ድንገት ተገተረባት። በስተቀኝ ገደል ነው።

ረገጠችው።

መኪናዋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትል ቀጥ ብላ ቆመች። አንድ ወይፈን መጥቶ የፊት መብራቱን አሸተተ።

«ደረስን እንዴ?» አለች ሰገነት በእንቅልፍ ድምፅ።

«ገና ነን፤ ተኚ።»

ከብቶቹ አንድ በአንድ አለፉ፤ መንገዱ ተከፈተ። የብርጓል መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ወደ ፊት ግራው ጎማ ጆሮዋን ጣለች። ከዚያ ማርሹን አስገብታ እግሯን ከፍሬኑ አነሣች።