መሪው ሲመለስ

መስቱራ መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዛ ለቀቀችው። አንድ ስንዝር ያህል ወደ ነበረበት ተመለሰ። ደግማ ጠመዘዘችው፤ ደግሞ ተመለሰ።

«እሺ፣ ሰማሁህ» አለች፣ በፈረንጅ አገር፣ አመሩድ በሚባለው ሰፈር ካለው ፎቃቸው ሥር በቆመችው አሮጌ ካምፐር ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ።

መኪናዋ ከልጇ ከኑሃ በዕድሜ ትበልጣለች። አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ መጋረጃ አላት፤ መሪዋ ግን እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ ነው። ባሏ ሙሐመድሁሴን መንዳት ያስተማራት በዚህችው መኪና ነበር። መታጠፊያ ላይ ጉልበቷ ሲያልቅ ከጎኗ እጁን ይዘረጋና እጇ ላይ ጭኖ «አብሽሪ!» ይላታል፣ እንደ ወሎ ሰው። አይዞሽ ማለቱ ነው፤ በርቺ ማለቱም ነው። ጥር ላይ አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ ገባ፣ ሶፋው ላይ ጋደም አለ፣ አልተነሣም።

አራት ወር ከአስር ቀን ከቤት ሳትወጣ ሐዘኗን ጨረሰች። በማግስቱ ቁልፉን ይዛ ወረደች። መሪው መጀመሪያ በራሱ የተመለሰላት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ከጽዳት ሥራዋ ስትመለስ መኪናዋ ውስጥ ሳትቀመጥ ቤት ገብታ አታውቅም። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም።

መስከረም ላይ ከቤቶቹ ማኅበር ደብዳቤ መጣ፦ የማይንቀሳቀስ መኪና በወሩ መጨረሻ ተጎትቶ ይወሰዳል።

«ትሸጥ፣ እማ» አለች ኑሃ። «ትከሻሽ መጥረጊያ እንኳ አልችል ብሏል።»

«ኔይ» አለች በአገሩ ቋንቋ፤ አይሆንም ማለቷ ነው።

«እና ማን ሊነዳት ነው? አባዬ?»

ከአፏ ካመለጣት በኋላ ኑሃ እጇን አፏ ላይ ጫነች። መስቱራ ስልኳን አነሣች። ለኸይሩ ደወለች።

ኸይሩ የባሏ የአውቶቡስ ባልደረባ ነበር፤ አሁን ትንሽ ጋራዥ አለው። መኪናዋን ራሱ ነድቶ ወሰደና ሥሯ ገብቶ ወጣ።

«ሰርቮ እንገጥምላታለን፣ እታለሜ። ትንሽ ሞተር ናት፣ የመሪው ዘንግ ላይ ትታሰራለች። ከዚያ በኋላ በአንድ ጣትሽ ነው የምታዞሪው።»

«በአንድ ጣት?» ደነገጠች። «ክብደቱስ ወዴት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም። ሞተሯ ትሸከምልሻለች።»

 ያን ጊዜ ምስጢሯ አመለጣት። «ስለቀው ይመለሳል፣ ኸይሩ። ቆማ እያለች። በራሱ።»

ኸይሩ ሳቀ። «ጎማው ነዋ! መሬት ይዞ ሲጠመዘዝ እንደ ላስቲክ ይወጠራል፣ ስትለቂው ይመልሰዋል። የአሮጌ መኪና ሁሉ ጠባይ ነው። እኔ ደግሞ ሙሐመድሁሴን መንጃ ፈቃድ ሊፈትነኝ መጣ ልትይኝ ነው ብዬ!»

ፊቷን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «አላህ ይዘንለት» አለና ንጹሕ የነበረ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ።

«ጎማው ነው?»

«ጎማው ነው፣ እታለሜ።»

«ግጠመው በቃ» አለች።

ሐሙስ ዕለት ተገጠመ። መስቱራ ሞተሩን አስነሥታ ጋራዡ ግቢ ውስጥ አንዴ ዞረች። መሪው እንደ ሬዲዮ ቁልፍ ጣቷን ተከትሎ ዞረ። ትከሻዋ አላመማትም። እጇ ላይም የማንም እጅ አልነበረም። ሁለተኛ ዞረች፤ የለም። ያን ጊዜ ነው ባሏ መሞቱን እንደ አዲስ የሰማችው።

«እንዴት ነው?» አላት ኸይሩ።

«ቀላል ነው» አለች፣ ወደ ሌላ ወገን እያየች።

«የሆነ ነገር ቀጭ ይላል። ወደ ጋራዡ አስገቢያት።»

የመኪናዋን ፊት በክሪክ አነሣና ሥሯ ተኛ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች አየር ላይ ተንጠለጠሉ። «አትውረጂ» አለ ከሥር። «ሞተሩን አጥፊና መሪውን ወደ ግራ አዙረሽ ልቀቂው።»

አጠፋችው። ወደ ግራ አዞረችና ለቀቀች። መሪው ባለበት ቆመ። ጎማው መሬት አልነካም፤ የሚወጠር ላስቲክ የለም፤ የሚመልሰውም የለም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ኒካሕ ያሰረች ዕለት ባሏ ሊወስዳት ሲመጣም እንዲህ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር የጠበቀችው።

መሪው ቀስ ብሎ አንድ ስንዝር ተመለሰ።

ከሥር የኸይሩ መፍቻ ድምፅ ተቋረጠ።

«እታለሜ» አለ ኸይሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ ነሽ የመለስሽው?»

እጆቿን አየች። ጭኗ ላይ ናቸው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። «አብሽር።»