ዝናብ ያስገድፋል ወይ?

የደብረ ታቦር ክረምት ሰው አይመርጥም፤ ቄሱንም ተማሪውንም እኩል ያበሰብሳል። በዚያ ሰሞን ግን ከዝናቡ ይልቅ ጉድ የሆኑት ልጆቹ ነበሩ። ከየሰፈሩ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲሮጡ ነጠላ ያለው በነጠላው ጫፍ፣ የሌለው በመዳፉ አፉን ግጥም አድርጎ ይዞ ነው። ሰላምታ እንኳ ቀረ፤ በዓይን ይጠቃቀሱና ይገባሉ።

የዚህ ሁሉ ጣጣ ምንጭ ሠናይት ነበረች። ሠናይት የነገረ መለኮት ተማሪ ናት፤ ኮሌጇ ክረምቱን በሥራ እንድትለማመድ ወደዚህ ደብር ልኳት ልጆች ታስተምራለች። ስትመጣ ሳቂታ ነበረች። አንድ የደብሩ ሽማግሌ፣ «ተይ ልጄ፣ ለልጅ ከሳቁለት፣ ለውሻ ከሮጡለት!» ብለው ሲመክሯት ግን ምክሩን ከልክ በላይ ሰማችና ፊቷን ቋጥራ ማስተማር ያዘች። ፊቱ ይቋጠር እንጂ ሥራው አልተቋጠረም። መዝሙር አስጠናች፣ ከልጆቹ ጋር በግቢው ችግኝ ተከለች፣ ለቡሄ አሰልፋቸው ሆያ ሆዬ እያሉ ሰፈሩን ዞረው ሙልሙላቸውን ታቅፈው ተመለሱ። ልጆቹም ወደዷት፤ የተቆጣ ሰውና የተቆጣ መምሰል የሚፈልግ ሰው እንደሚለያይ ልጅ መቼም ያውቃል።

በፍልሰታ ጾም ማብቂያ፣ በፍቺው ዋዜማ፣ ልጆቹ ነጭ ለብሰው አንድ ላይ እንዲቆርቡ ተወስኖ ነበር። ሠናይትም አብራቸው ልትቆርብ ክረምቱን ሙሉ የጓጓችው ለዚያች ቀን ነው። ስለዚህ ሥርዓቱን ስታስተምር፣ «የሚቆርብ ሰው ጠብታ ውኃ እንኳ ባፉ አይዞርም» አለቻቸው። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ።

«እትዬ፣ ዝናብ ያስገድፋል ወይ?»

ሳቋ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ያኔ ስቃ፣ «አያስገድፍም፣ የኔ ሞኝ» ብትለው ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እሷ ግን የሽማግሌው ምክር ትዝ አላትና፣ «መጠንቀቅ አይከፋም» ብላ አለፈችው። በማግስቱ የልጁ ሁሉ አፍ ተሸበበ።

በዋዜማው ዕለት ጧት፣ ልጆቹ መዝሙራቸውን ሲከልሱ፣ የግቢው ዘበኛ በር ላይ ሰው እንደሚፈልጋት ነገራት። ስትወጣ ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው እማማ ጀሚላ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። በሌላው እጃቸው ክዳን ያለው የውኃ ኩባያ አለ።

«ይግቡ እንጂ፣ እማማ።»

«እዚሁ ይበቃኛል፣ ሱቁን ከፍቼ ነው የመጣሁ። ትዝታን ጥሪልኝ። የግቢያችን ልጅ ናት። እናቷ፣ አሰለፈች፣ ገና ሳይነጋ ለንግድ አንበሳሜ ገበያ ስለምትወርድ የጧት መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ ነኝ።»

«የምን መድኃኒት?»

እማማ ጀሚላ ዙሪያቸውን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሚጥል በሽታ አለባት። ሰው እንዳይጠቋቆምባት ብለን ደብቀነው ኖርን። ሰሞኑን ክኒኑን እየተቀበለችኝ ለካ ዞር ብላ ትተፋው ኖሯል! ትናንት ሱቄ ውስጥ ወደቀችብኝ። ደግነቱ የጤፉ ጆንያ ላይ ነው የወደቀችው። ምነው ልጄ ብላት፣ ‹ጠብታ እንኳ ያስገድፋል ተብለናል› አለችኝ። እኛ ዘንድ በሽተኛ አይጾምም ብላት ደግሞ፣ ‹እርስዎ እስላም ነዎት፣ የኛን አያውቁም› አለችኝ።» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የሠናይት ቃል ከአፋፍም አልፎ አንዲት ልጅ ጥሏል። እየሮጠች ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ መጽሐፍ የሚያዩት ቄስ ይርጋ ዘንድ ደረሰችና ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ይህ ምን ይጠየቃል! ትዋጥ እንጂ» አሉ ቄሱ። «ቁርባኑ ለዛሬ ይለፋት። ከሐኪሟ ጋር ሰዓቱን አስተካክለን ሌላ ቀን ራሴ አቆርባታለሁ። ብቻ ልጄ፣ ያሰርሽው አንቺ ነሽና አንቺው ፍቺው።»

ሠናይት ትዝታን ከአዳራሹ ጠርታ ወደ በሩ አመጣቻት፤ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ኩባያውን ስታይ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ትዝታዬ፣ ተሳስቼ ነው» አለቻት ሠናይት። «ዝናብም አያስገድፍም፣ የታመመም አይገደድም። ቄስ ይርጋም ዋጪ ብለውሻል።»

«ከዋጥኩ ዛሬ እቆርባለሁ?»

ሠናይት መዋሸት አማራት። «ዛሬ እንኳ አይሆንም» አለች።

የልጅቱ ዓይን እንባ ሞላ። «እንግዲያ አልውጥም። ብቻዬን ስቀር ልጆቹ ለምን ይሉኛል። የሚጥላት ናት ይሉኛል።»

ነገሩ ለካ ጾሙ ብቻ አልነበረም። እማማ ጀሚላ ክኒኑን በመዳፋቸው እንደያዙ ሠናይትን አዩዋት። ሠናይት ደግሞ አዳራሹን አየች፤ መዝሙሩ እስከ በሩ ይሰማል። የክረምቱን ጉጉቷን አሰበች፤ ልቧ እምቢ አለ። ከዚያ ኩባያውን ተቀብላ ከንፈሯን አስነካችና ግማሹን ጠጣችው።

«እትዬ! ገደፉ እኮ!»

«ገደፍኩ። ብቻሽን አትቀሪም፤ ከኔ ጋር ትቆሚያለሽ። በይ ዋጪ።»

ትዝታ አፏን ከፈተች፣ ክኒኑን በተረፈው ውኃ ዋጠች፣ መዋጧን ለማሳየትም ምላሷን አወጣች። እማማ ጀሚላ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ባዶውን ኩባያ ይዘው ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ፣ ቅዳሴው ወደ መጨረሻው ሲደርስ፣ ልጆቹ ነጭ በነጭ ሆነው ተሰለፉ። ሠናይት በሴቶቹ በኩል፣ ትዝታን ይዛ ቀረች። የመጀመሪያው ልጅ ሲቆርብ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ደስታም ቁጭትም ነበር። ከኋላዋ ሹክሹክታ ሰማች። ፈንታነሽ የምትባል የሰፈሩ ሴት ለጎረቤቷ፣ «አስተማሪዋ ምን ሠርታ ይሆን የቀረችው? እንግዲህ ከተማ አይደል የኖረችው!» ትላለች። ቀስ ብላ ያለች መስሏታል።

የሠናይት ፊት ጋለ። እውነቱን ብትናገር የልጅቱን ምስጢር ማውጣት ነው፣ ዝም ብትል ስሟ ሊጠፋ ነው። ስሟ ይጥፋ አለች በልቧ፤ ግን አመማት።

ትዝታ እጇን ከእጇ መነጨቀችና ወደ ኋላ ዞረች።

«እትዬ ምንም አልሠሩም» አለች፣ ልጅ በዝግታ መናገር መቼ ያውቅና። «የሚጥለኝ እኔን ነው። መድኃኒቴን አልውጥም ስላልኩ ነው ውኃ የጠጡት።»

በአካባቢው ያሉ ሴቶች ሁሉ ዞሩ። ሠናይት ልጅቱን ወደ ራሷ ስባ በነጠላዋ ልትሸፍናት ሞከረች፤ ትዝታ ግን አልተሸፈነችም፣ አገጯን ቀና አድርጋ ፈንታነሽን ማየቷን ቀጠለች።

ፈንታነሽ መጀመሪያ መሬት መሬቱን አየች። ከዚያ ጎረቤቷን ትታ መጣችና ትዝታ ፊት ቁጢጥ አለች። ድምፅዋ አሁን በእውነት ዝቅ ብሏል።

«ልጄ፣ መድኃኒቱን የሚሰጧችሁ የት ነው? እኔም ቤት አንድ የሚጥለው ልጅ አለኝ። ሰው እንዳያየው ብዬ ከቤት አላወጣውም።»

«ሆስፒታል ነው» አለች ትዝታ። «ጧትና ማታ ነው የሚዋጠው። እማማ ጀሚላ ያውቁታል፤ ሱቃቸው ቅርብ ነው፣ ስንወጣ እወስድዎታለሁ።»