ስምንቱን ይዛ ስብሰባ

እታለም የሰው ልጅ ማሳደግ ከጀመረች ሃያ አንድ ዓመት ሆናት። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ እናትና አባቷ ያወጡላትንማ ፎርም ስትሞላ ካልሆነ ራሷም አታስታውሰውም። ጠዋት ጠዋት እናቶች እየተጣደፉ ይመጣሉ። ነርሷ አለች፣ ልብስ ፋብሪካ የምትሰፋዋ አለች፣ አውቶቡስ ላይ ትኬት የምትቆርጠዋ አለች። ልጁን ከጀርባቸው አውርደው፣ ጡጦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ወደ ሥራቸው እብስ ነው። ዘንድሮ ልጆቹ ስምንት ናቸው። ትልቋ አራት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት አፈ ጮሌ ስትሆን ትንሹ ገና ሰባት ወሩ ነው።

አንድ ቀን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣላት። ስፌተኛዋ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ አነበበችላት። መንግሥት ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት አዲስ ፖሊሲ አርቅቋል፣ ረቡዕ ጠዋት ውይይት አለ፣ እርስዎም እንደ ባለድርሻ አካል ተገኝተው ሦስት ደቂቃ እንዲናገሩ ተጋብዘዋል ይላል።

«ድርሻዬ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እታለም። «እስከ ዛሬ የደረሰኝ ቅርሻት ብቻ ነው።»

ስፌተኛዋ ስቃ ሳታበቃ ፊቷ ተለወጠ። ረቂቁን ስልኳ ላይ ከፍታ አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ደርሳለች። አሥረኛ ክፍል ያልጨረሰና የሥልጠና ምስክር ወረቀት የሌለው ማንም ሰው ሕፃናትን ተቀብሎ መያዝ አይችልም ይላል። እታለም የተማረችው እስከ አራተኛ ነው።

«እርስዎ ከዘጉ እኔ ምን ልሆን ነው?» አለች ስፌተኛዋ። «ሥራዬን ልተው ወይስ በር ቆልፌበት ልሂድ?»

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ አይዞሽ» አለቻት እታለም። አለች እንጂ ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ጉድ ፈላ። ልጆቹን እጠብቅልሻለሁ ያለችው ጎረቤት ጉንጯ አብጦ፣ ጥርሴ ሊገድለኝ ነው ብላ በር ላይ ቆመች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እታለም ትንሹን አዘለችና ለሰባቱ ገመዷን አወጣች። ገመዷ የራሷ ዘዴ ናት። ሰባት ቦታ ተቋጥራለች፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ቋጠሮ ይይዛል፣ አንዱ ከለቀቀ ሁሉም ቆሞ ይጠብቀዋል። ከፊት ትልቋ፣ ከኋላ እታለም ሆነው አስፋልት ሲሻገሩ ለማንም የማይቆመው ታክሲ ሁሉ ቆመላቸው።

የአዳራሹ በር ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ።

«እናቴ፣ ልጅ ይዞ መግባት አይቻልም።»

«ስብሰባው ስለ ልጅ አይደለም እንዴ?»

«ስለ ልጅ ነው፣ ግን ልጅ አይገባም» አለ ዘበኛው፣ የሚናገረው ነገር ራሱን አሳፍሮት። «መመሪያ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?»

«ሽንቴ መጣ!» አለች ትልቋ። እሷ ስትል የሌሎቹም መጣ።

በዚህ ግርግር መሀል ደረቷ ላይ ባጅ ያንጠለጠለች፣ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት እየሮጠች ወጣች። ፖሊሲውን ካረቀቁት ባለሙያዎች አንዷ ናት፤ አንቀጽ አሥራ አራትን የጻፈችውም እሷው ነች።

«የእርስዎ ተራ እኮ ደርሷል!» አለች። «በቃ ይግቡ፣ እኔ እይዛቸዋለሁ።»

«ትችያለሽ ልጄ?»

«ሙያዬ እኮ ነው» አለች ፈገግ ብላ። «ዶክትሬቴን የሠራሁት በሕፃናት አስተዳደግ ነው።»

እታለም አመነቻት፤ ትንሹንም ከጀርባዋ አውርዳ አስታቀፈቻት። ዶክተር ያልታመነ ማን ሊታመን ነው?

አዳራሹ ውስጥ ግድግዳ የሚያህል የሳቂታ ሕፃናት ሥዕል በርቷል። እታለም ማይክ ሲሰጧት እንደምንም ጀመረች፣ ትንሽ ቆይቶም ምላሷ ተፈታ።

«እኔ ወረቀት የለኝም። ግን ልጅ ሲያለቅስ ለምን እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። የራበው አለ፣ የተቆጣ አለ፣ እናቱ የናፈቀችው አለ፤ ለቅሶ ሁሉ አንድ አይደለም። እናቶቹም ይህን ስለሚያውቁ ነው ሥራቸው ላይ ልባቸው የሚያርፈው።» ስልካቸው ላይ ያቀረቀሩት ሁሉ ቀና ቀና አሉ። «እንግዲህ የመጣሁት ስለዚያ ስለ አሥራ አራተኛው...»

ይሄኔ ከውጭ የሕፃን ጩኸት ተሰማ።

«ይሄ ትንሹ ነው» አለች እታለም፣ ማይኩን እንደያዘች። «አልራበውም። እንቅልፉ መጥቶ ነው፣ አያያዙን አላወቀችበትም።» ማይኩን አስቀምጣ ወደ በሩ ገሰገሰች።

«እናቴ፣ አንድ ደቂቃ ይቀርዎታል!» አለ ሰብሳቢው።

«ለእርስዎ ትሁን!» አለች ሳትዞር።

የመጣችበትን ጉዳይ ሳትናገር መውጣቷ ትዝ ያላት ደረጃው ላይ ነው። እግሯ ግን ወደ ኋላ አልመለስ አላት።

ባለሙያዋ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች። ጸጉሯ ተበትኗል፣ መነጽሯን አንዱ ልጅ ወስዶታል፣ ትንሹ እቅፏ ውስጥ ሆኖ አገር ይያዝልኝ ይላል። ዘበኛው በሩን ትቶ ሁለቱን ከአበባው መሀል እያወጣ ነው። እታለም ትንሹን ተቀበለችና በግራ ትከሻዋ ላይ በሆዱ አስተኛችው። ጆሮዋን በጣቶቹ ጨበጠ፤ አሥር እስኪቆጠር ጸጥ አለ።

«መጽሐፍ ላይ ያለውን ሁሉ ሞከርኩ» አለች ባለሙያዋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«እሱ መጽሐፉን አላነበበውማ» አለች እታለም። ከዚያ ሆድ ባሳትና አጠገቧ ቁጭ አለች። «አበላሸሁት አይደል? ዋናውን ሳልናገር ወጣሁ። ነገ እነዚህን የት ላድርጋቸው?»

ባለሙያዋ መነጽሯን ከልጁ ተቀብላ፣ ቅርሻት የነካውን ልብሷን እንኳ ሳትጠርግ ወደ አዳራሹ ገባች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰች።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ አንቀጹ ከረቂቁ አልወጣም» አለች። «እንዲወጣም አልፈልግም። ማንም ተነስቶ በሚይዝበት ቤት የተጎዱ ሕፃናት በዓይኔ አይቻለሁ፤ የጻፍኩት ለነሱ ነው። ግን አንድ መስመር አስጨምሬያለሁ። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራ ሰው ስንተኛ ክፍል ነህ አይባልም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሠልጥኖ ይፈተናል። እስከዚያ ቤትዎ አይዘጋም።»

እታለም ትንፋሿን ለቀቀች። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣባት።

«በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ተማሪ ልሆን?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፣ ግማሽ ቀን ብቻ።»

«ቅዳሜ እኮ ነርሷም ስፌተኛዋም ሥራ ይገባሉ። ልጆቹን ማን ሊይዛቸው ነው?»

ባለሙያዋ ልጆቹን አየች፣ ልብሷን አየች።

«እኔ» አለች ቀስ ብላ።

ትልቋ ልጅ ከእግር እስከ ራሷ አስተዋለቻት። «እሷ? እሷ እኮ አትችልም!»

«ነውር ነው!» አለች እታለም፣ ትንሹን እንዳትቀሰቅሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔስ ስጀምር መች እችል ነበር? ትማራለች።»